«ልማዳችን አይደለም» ያለችው እናት ምን ማለቷ ነበር?



ከፊቴ የተቀመጣችሁት አዋላጆች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ናችሁ። ስለዚህ የምናገረው እናንተ ዕለት ዕለት ስለምትውሉበት ጉዳይ ነው፤ የጤና አገልግሎታችን ከሚያገለግለው ሕዝብ ባህል ጋር እንዴት ይግባባል? ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፤ የጥናት ሰነዶቹ የሚቆጥሩት በዚያ ነውና።

በ2011 የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ጥናት ቤታቸው የወለዱ እናቶችን «ለምን ጤና ተቋም ሄደሽ አልወለድሽም?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር። ከአሥሩ ስድስት ያህሉ «አስፈላጊ ስላልሆነ» አሉ። ከአሥሩ ሦስት ያህሉ ደግሞ «ልማዳችን ስላልሆነ» ብለው መለሱ። በዚያን ጊዜ ጤና ተቋም ውስጥ ይፈጸም የነበረው ወሊድ ከመቶ 10 ብቻ ነበር፤ በ2005 ደግሞ ከመቶ 5። ያው የ2011 ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 100 ሺህ ሕፃናት አንጻር 676 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ገምቷል።

እነዚያን ሁለት መልሶች ብዙዎቻችን ያነበብናቸው በአንድ መንገድ ነው። «እናቶቻችን ግንዛቤ የላቸውም» አልን። ግንዛቤ ማስጨበጫ አዘጋጀን፣ ፖስተር ለጠፍን፣ በየቀበሌው ስብሰባ ጠራን። እኔ ዛሬ ላሳምናችሁ የምፈልገው ያ ንባብ ስሕተት እንደነበረ ነው። እናቶቹ የተናገሩት ስለ እኛ ነበር። «ልማዳችን አይደለም» ያለችው ሴት የጤና ጣቢያችንን አሠራር መዝና ፍርዷን ነገረችን፤ እኛ ግን ፍርዱን ወደ እሷ መለስነው።

እስቲ ገጠር ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት ቤቷ የምታገኘውን እናስብ። እሳት ይነድዳል፣ ጎጆው ሞቅ ብሏል። እናቷ፣ አማቷ፣ ጎረቤቶቿና የልምድ አዋላጇ ዙሪያዋን ናቸው። ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ታምጣለች፤ አንዷ ከኋላ ደግፋ ትይዛታለች፣ ሌላዋ ወገቧን ታሻታለች። ክርስቲያን ከሆነች ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ ሙስሊም ከሆነች ዱዓ ይደረግላታል። ገላዋ አይገለጥም። ልጁ ሲወለድ እልል ይባላል፣ ገንፎ ይገነፋል፣ ቡና ይፈላል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው ቤቱን ይሞላዋል። የእንግዴ ልጁም በቤተሰቡ ሥርዓት ይቀበራል።

በዚያ ዘመን እኛ እንሰጣት የነበረውን ደግሞ አስታውሱ። በሰው ትከሻ፣ በቃሬዛ ሰዓታት ተጉዛ ትደርሳለች። እናቷ በር ላይ ትቀራለች። ልብሷን ታወልቃለች። ቀዝቃዛ የብረት አልጋ ላይ በጀርባዋ ትንጋለላለች፣ እግሮቿ መደገፊያው ላይ ይሰቀላሉ። የማታውቀው ወጣት ወንድ፣ አንዳንዴም ተለማማጅ ተማሪዎችን አስከትሎ፣ ይመረምራታል። ስትጮህ «ዝም በዪ» ትባላለች። ልጆቿን የዳረች ሴት በልጇ ዕድሜ ባለ ባለሙያ «አንቺ» እየተባለች ትጠራለች። ከወለደች በኋላ የምትታጠብበት ውሃ የለም፣ የምትቀምሰው ትኩስ ነገር የለም። የእንግዴ ልጁ የት እንደተጣለ የሚነግራት የለም። ይህን ያየች ወይም ከጎረቤት የሰማች ሴት «አስፈላጊ አይደለም» ብትል አመዛዝና ነው።

ግን ቤቷ የማይሰጣትም አለ፤ እሱንም እኩል በግልጽ መናገር ይገባል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስስ ደም በጸሎትና በወገብ ማሻሸት አይቆምም። ኦክሲቶሲን ያስፈልጋል፤ እጁ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል፤ አንዳንዴም ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። ምጥ ታጉሎ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቆይ ምን እንደሚያስከትል የአዲስ አበባው ሐምሊን ፌስቱላ ሆስፒታል ከ1974 ጀምሮ ሲያክም የኖረው ሥቃይ ምስክር ነው። ቤቷ ሰው አላት፣ መድኃኒት የላትም። እኛ ዘንድ መድኃኒት አላት፣ ሰው የላትም። እናቲቱን ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ ያደረግናት እኛ ነን። ባህልን የተረዳ የጤና አገልግሎት የምለው ይህንን ምርጫ ከፊቷ የሚያነሳላትን ነው።

በአገራችን ይህንን የተረዱ ሰዎች አልጠፉም። በጉራጌ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል የእናቶች ማቆያ የከፈተው በ1976 ነው። ወሊዷ አስቸጋሪ ሊሆን ይችላል የተባለች ሴት ምጧ ከመምጣቱ በፊት መጥታ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ትቀመጣለች፤ ዘመድ አብሯት ይሆናል፤ የራሷን እህል፣ በራሷ እጅ፣ እንደ ለመደችው አብስላ ትበላለች። ቀኗ ሲደርስ ሐኪሙ ያለው ከጎጆዋ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነው። የሆስፒታሉን የ22 ዓመት መዝገብ፣ ከ1987 እስከ 2008 ያለውን፣ የመረመረ ጥናት በማቆያው አልፈው በወለዱት ዘንድ ሞት ከ100 ሺህ 90 ያህል ሆኖ አግኝቶታል፤ በቀጥታ በመጡት ዘንድ ግን ከ1,300 በላይ ነበር። እርግጥ በቀጥታ የመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ናቸው፤ ልዩነቱን ሁሉ ለማቆያው ብቻ መስጠት አይገባም። ሆኖም እዚያው ላይ ነው ነገሩ፤ ሴቶቹ ምጥ ሳይጠናባቸው ለመምጣት ፈቃደኛ የሆኑት የሚመጡበት ቦታ እንደ ቤት ሊኖሩበት የሚችሉት ስለነበረ ነው።

በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም ከባህል አንጻር ካየነው የዚህች አገር ትልቁ ብልሃት ነው ብዬ አምናለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምናወራው በጅምሩ ስለነበሩት 16 ፓኬጆችና ከ30 ሺህ ስለሚበልጡት ባለሙያዎች ብዛት ነው። ከቁጥሩ በላይ ግን የአመራረጡ ደንብ ነው ያስገረመኝ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰች፣ ያንኑ ቀበሌ የምታውቅ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የምትናገር ሴት ትመረጥ ተባለ። አንድ ዓመት ሠልጥና 5,000 ያህል ሰው ወዳለበት ቀበሌ ከጓደኛዋ ጋር ትመለስ ነበር። በአርብቶ አደር አካባቢዎች ደግሞ ደንቡ ራሱ ላላ፤ የትምህርት ደረጃው ዝቅ ተደረገ፣ ወንዶችም ተቀጠሩ። ሕዝቡን የሚመስል ባለሙያ ማቅረብ ማለት ይህ ነው። ነገር ግን ብልሃቱ ጤና ኬላው በር ላይ ቆመ። እናቲቱ በጎረቤት ልጅ ተመክራ፣ በጎረቤት ልጅ ተሸኝታ ጤና ጣቢያ ስትደርስ ብዙ ጊዜ የሚጠብቃት ከሌላ አካባቢ የተመደበ፣ ቋንቋዋን የማያውቅ፣ ዝውውሩን የሚጠባበቅ ባለሙያ ነው። በዚያ ባለሙያ አልፈርድም። ማንም ሳያዘጋጀው የተላከ ነው።

በ2010ዎቹ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ነገሩን ሰማ። ማዋለጃ ክፍሎች ለእናቶች ምቹ ይሁኑ ተባለ፤ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ መገንፋት፣ ቡና ማፍላት፣ ቤተሰብ ማስገባት ተጀመረ። በየቦታው የእናቶች ማቆያ ተሠራ። አምቡላንስ ለወረዳዎች ታደለ፣ የወሊድ አገልግሎት ነጻ ሆነ። በ2016 በጤና ተቋም የሚፈጸመው ወሊድ ከመቶ 26፣ በ2019 ደግሞ ከመቶ 48 ደረሰ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ለዚህ የደከማችሁ ሁሉ ልትኮሩ ይገባችኋል።

ሆኖም ቁጥሩ ውስጥ የተደባለቀውን መለየት አለብን። በአንዳንድ ቀበሌዎች ቤቷ የወለደች ሴት ቤተሰብ በመተዳደሪያ ደንብ ገንዘብ ይቀጣ እንደነበረ ተጽፏል። ቅጣት ፈርታ የመጣችውና አምና የመጣችው በሪፖርታችን ላይ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው የሚታየው ሁለተኛው ልጅ ላይ ነው፤ ወይም መንገድ ሲዘጋ፣ አምቡላንስ ሲጠፋ፣ ጦርነት ሲመጣ። ያመነችው በእግሯም ትመጣለች። ደግሞም አማካዩ ይሸፍናል። በዚያው በ2019 በአዲስ አበባ ከመቶ 95 ሲሆን በሶማሌ ክልል ከመቶ 23 ገደማ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ገንፎና ቡና መልካም ነው፤ ግን ጀበና ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ባህልን መረዳት አይደለም። ከገንፎው በኋላ እናቲቱ አሁንም በጀርባዋ እንድትተኛ የምትገደድ ከሆነ፣ እናቷ አሁንም በር ላይ የምትቀር ከሆነ፣ አሁንም «ዝም በዪ» የምትባል ከሆነ፣ ያደረግነው የራሳችንን አሠራር ሳንነካ ማስጌጥ ነው። ገንፎው ለባለሙያው ቀላል ነው፤ ሥልጣኑን አይነካበትም። የአወላለዷን ሁኔታ እሷ ትምረጥ ማለት ግን ይነካዋል፤ ጎንበስ ብሎ፣ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ ባልለመደው በኩል ሕፃኑን መቀበል ይጠበቅበታልና። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ያወጣው የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ ምጥ ላይ ያለች ሴት ሁሉ የመረጠችው ሰው አጠገቧ እንዲሆንና በሚመቻት ሁኔታ፣ ቁጭ ብላም ሆነ ተንበርክካ፣ እንድትወልድ ይመክራል። አያቶቻችን የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። የሕክምናው ሳይንስ ዞሮ ወደ እነሱ ሲመጣ እኛ አሁንም የብረቱን አልጋ ሙጥኝ ማለታችን ያሳዝነኛል።

ከዚህ አልፎ የሄደ አንድ ቦታ ላውሳላችሁ፤ ሩቅ ነው፣ ፔሩ ውስጥ፣ በአያኩቾ ተራሮች ላይ። የኬቹዋ ተናጋሪ ገበሬዎች አገር ነው። በ1999 በሳንቲያና ወረዳ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 6 ብቻ ነበሩ። እዚያ የነበሩ የጤና ሠራተኞች መጀመሪያ ያደረጉት እናቶቹንና የልምድ አዋላጆቹን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ነበር። ሴቶቹ የዘረዘሩትን ብትሰሙ የእኛዎቹ የተናገሩት ይመስላችኋል፤ ቋንቋችንን አይችሉም፣ ዘመድ አያስገቡም፣ በጀርባችን ያስተኙናል፣ ክፍሉ ይበርዳል፣ የእንግዴ ልጁን ይጥሉብናል። ከዚያ የማዋለጃ ክፍሉን ከሴቶቹ ጋር ሆነው እንደገና ነደፉት። የምታምጥ ሴት የምትይዘው ገመድና የምትቀመጥበት አግዳሚ ተበጀ። ኬቹዋ የሥራ ቋንቋ ሆነ። ባልና የልምድ አዋላጅ ወደ ውስጥ ገቡ። በ2007 በተቋሙ የሚወልዱት ከመቶ 83 ደረሱ። የፔሩ ጤና ሚኒስቴርም በ2005 ተቀምጦ የመውለድን አሠራር ብሔራዊ ደንብ አድርጎ አወጣው። ከዚህ ታሪክ የምወስደው ቅደም ተከተሉን ነው፤ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ቀጥሎ የክፍሉ ለውጥ፣ ከዚያ የእናቶቹ መምጣት። እኛ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው እንጀምራለን።

የልምድ አዋላጆችን ጉዳይ ካነሳሁ አይቀር፣ በእነሱ ላይ የሠራነው ነገር ቅር ይለኛል። ዘመን ነበር ያሠለጠንናቸው፤ ከዚያ ፖሊሲው ሲለወጥ እጃችሁን አንሱ አልናቸው። ማዋለድ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው በሚለው እስማማለሁ። ግን መንደሩ ሁሉ የሚያምናትን ሴት ከበራችን ማባረር ምን ይጠቅማል? እናቲቱን እጇን ይዛ የምታመጣት፣ በምጧ ሰዓት ወገቧን የምትደግፋት፣ ስትመለስ የምትጠይቃት እሷ ልትሆን ትችላለች።

ስለ ቋንቋ ልናገር። ይህ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ነው። በአገራችን ከ80 የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገራሉ። ሪፈር ተጽፎላት ከሩቅ ገጠር ወደ ትልቅ ሆስፒታል የመጣች ሴት ከሐኪሙ ጋር የሚያገናኛት ማነው? ጥበቃው ነው። ጽዳት ሠራተኛዋ ናት። በተረኛ ወንበር ላይ የተቀመጠ የማታውቀው ታካሚ ነው። በአንድ ሆስፒታል የአሥር ዓመት ገደማ ልጅ የእናቱን የማኅፀን ሕመም ለሐኪም ሲያስተረጉም አይቻለሁ። እናቲቱ ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ ነበር። ልጁ ያልገባውን ዘለለው፤ የገባውንም ከማፈሩ የተነሳ አሳጠረው። ሐኪሙ በካርዱ ላይ የጻፈው ከዚያ የተረፈውን ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም፤ አስተርጓሚ የሚባል የሥራ መደብ ግን አልነበረም። መስማት የተሳናት እናትስ? የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ባለሙያ ያለበት ማዋለጃ ክፍል ስንት አለን?

ይህንን ለማነጻጸር የራሳችንን ሰዎች በሰው አገር እንመልከት። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ እንግሊዝኛ የማትችል የእኛ ሴት እዚያ አስተርጓሚ የመጠየቅ መብት አላት። በሲያትል ከተማ የሃርበርቪው ሕክምና ማዕከል ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለስደተኛ ታካሚዎች የሚያስተረጉሙ ብቻ ሳይሆኑ በሐኪሙና በቤተሰቡ መካከል ቆመው የሚያስረዱ ሠራተኞችን ቀጥሮ ያሠራል፤ አማርኛና ትግርኛ ተናጋሪዎች ከተጠቃሚዎቹ መካከል ናቸው። አማርኛ ተናጋሪዋ ዋሽንግተን ላይ በሕግ ያገኘችውን አፋርኛ ወይም ሐመርኛ ተናጋሪዋ በገዛ አገሯ ዋና ከተማ ማጣቷ ልክ አይደለም። ሀብታሞች ስለሆኑ ነው የሚለኝ ይኖራል። የአንድ አስተርጓሚ ደመወዝ ግን ለስብሰባ ከምናወጣው አበል አይበልጥም።

ከእስራኤልም የምንማረው አለ፤ የሚያም ትምህርት ነው። በ1996 መጀመሪያ ላይ ቤተ እስራኤላውያን የለገሱት ደም ለዓመታት በምስጢር ሲጣል እንደኖረ ታወቀ። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ኢየሩሳሌም ላይ ለተቃውሞ ወጡ። ምክንያቱ የተባለው የኤች አይ ቪ ሥጋት ነበር፤ ግን ማንም ቀርቦ አልነገራቸውም፣ አልጠየቃቸውም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ከማኅበረሰቡ የወጡ አገናኞች በክሊኒኮች ተቀጠሩ፤ ስሙ ከአማርኛና ከዕብራይስጥ የተጣመረው ጤና ብሪዑት የተባለው ድርጅትም በአማርኛ ስለ ስኳር በሽታ ማስተማር ጀመረ። የአገሪቱ ጤና ሚኒስቴርም በ2011 የሕክምና ተቋማት ትርጉምና የባህል ሥልጠና እንዲያቀርቡ የሚያስገድድ መመሪያ አወጣ። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ይሁንና አንዴ የተሰበረ እምነት በትርጉም ብቻ እንደማይጠገን የሚያውቁት ደማቸው የተጣለባቸው ናቸው።

ወደ አገራችን ልመለስና ስለ ሃይማኖት ጥቂት ልበል። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። በዚያን ጊዜ እንጦጦ ላይ ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል መስሏቸው ይተዉት ነበር። ከጤና ባለሙያዎች አንዳንዱ ጸበሉን አጣጣለ፤ ያንን ያደረገ ሰው ታካሚውን አጣ። ነገሩ የተፈታው በሌላ መንገድ ነው። በ2007 ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። ይህንን ማንም ሐኪም ሊናገረው አይችልም ነበር፤ ቢናገረውም አይሰማም። የእኛ ድርሻ የነበረው ንግግሩ እንዲደረግ ቀድሞ ከአባቶች ጋር መቀመጥ ነው።

ጾምም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር፣ አራስና ሕመምተኛ እንዳይጾሙ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች። ሆኖም ብዙ ነፍሰ ጡሮች ይጾማሉ። ነርሷ «ወተትና እንቁላል ብዪ» ብትላት እሺ ብላ ወጥታ ትጾማለች። የንስሐ አባቷ ቢነግሯት ግን ትበላለች። ታዲያ በቀበሌያችሁ ያሉትን ቄስ በቅድመ ወሊድ ክትትል ጉዳይ ያነጋገራችኋቸው ስንቶቻችሁ ናችሁ? ሼኹንስ?

ክርስትናን እንይ። ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። እስከዚያ ድረስ አራሷና ሕፃኑ ከቤት እንዲወጡ የማይወዱ ቤተሰቦች አሉ። የክትባት ሰሌዳችን ደግሞ በስድስተኛው ሳምንት፣ ማለትም በ42ኛው ቀን፣ ሕፃኑ ጤና ኬላ እንዲመጣ ይጠብቃል። ለወንዱ ሰሌዳው ከክርስትናው ጋር ገጠመ ማለት ነው። ለሴቷ ልጅ ግን ገና 38 ቀን ይቀራታል። በእንዲህ ያለ ቤት የቀረችውን ሕፃን በመዝገባችሁ ላይ «አቋርጣለች» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ቀኑን አስሉ፤ ክትባቱን ይዛችሁ ቤቷ ሂዱ። በአርሲና በጉጂ ኦሮሞ ዘንድ ደግሞ አራሷ በግንባሯ ላይ ቀነፋ ታስራለች። ቀነፋ ያሰረች ሴት አትመታም፣ ትከበራለች፣ ከከባድ ሥራም ታርፋለች። እኛ በፖስተር «እናቶች ከወሊድ በኋላ ይረፉ» የምንለውን ይህ ሕዝብ በራሱ ሕግ ሲያስከብረው ኖሯል። የምትወልድ ሴት ጤና ጣቢያ ውስጥ ቀነፋዋን እንድታስር መፍቀድ ብቻ ሳይሆን በቀነፋው ወራት ውስጥ የቤት ጉብኝታችንን መደርደር እንችላለን።

አሁን አንድ ጥያቄ በውስጣችሁ እንደሚመላለስ አውቃለሁ፤ «ታዲያ ባህል ሁሉ ይከበር? ግርዛቱስ?» አይከበርም። የሴት ልጅ ግርዛት በ2004ቱ የወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው፤ መከልከሉም ትክክል ነው። ነገር ግን ሕጉ ብቻውን ያላቆመውን በከምባታ ያስቆሙትን ሰዎች አሠራር ተመልከቱ። ቦጋለች ገብሬ ከእህቷ ጋር በ1997 ድርጅታቸውን መሠረቱ። ወደ መንደሮቹ የገቡት ትእዛዝ ይዘው አልነበረም። መጀመሪያ የጎደላችሁ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ፤ ድልድይ ሲባሉ ድልድይ አሠሩ። ከዚያ ሽማግሌዎች፣ ገራዦች፣ እናቶችና ወጣቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ወራት የሚወስድ ውይይት ተወያዩ። በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በአደባባይ ተዳረች፤ በሠርጓ ላይ ሕዝቡ በብዛት ተገኘ። ልማዱን የጣለው ራሱ ማኅበረሰቡ ነው። ባህልን መረዳት ጎጂውን ለመሸሸግ አይደለም፤ ጎጂውን ከውስጥ ለመንቀልም የሚጠቅመው ይኸው መረዳት ነው።

ስለ ሥልጠናዎቻችን የማስበውን ሳልናገር አላልፍም። የሁለት ቀን ሥልጠና ሰጥተን «የእገሌ ብሔረሰብ ባህል እንዲህ ነው» የሚል ዝርዝር ማስያዝ አደገኛ ነው እላለሁ። ጎንደር ያለች ሴት ሁሉ አንድ አይደለችም፤ ጅግጅጋ ያለችም እንዲሁ። የተማረች አለች፣ ከተማ ያደገች አለች፣ ልማዱን የማትፈልግ አለች። አሜሪካኖቹ ሐኪሞች ቴርቫሎንና መሪ ጋርሲያ በ1998 ያቀረቡት ሐሳብ ልቤን ይነካዋል፤ ባለሙያው የሰውን ባህል አውቄ ጨረስሁ ማለት እንደማይችል፣ ዕድሜ ልኩን ትሑት ተማሪ መሆን እንዳለበት ነው ያስተማሩት። አርተር ክላይንማን የተባለው የሥነ አእምሮ ሐኪም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1970ዎቹ፣ ሐኪም ታካሚውን ሊጠይቃቸው የሚገባ ጥቂት ጥያቄዎችን አቅርቦ ነበር። በእኛ አፍ እንዲህ ልንላቸው እንችላለን፤ ሕመምዎ ከምን የመጣ ይመስልዎታል? ለምን አሁን ጀመረዎት? ከሁሉ ይበልጥ የሚያስፈራዎት ምኑ ነው? ከዚህ ሕክምና ምን ይጠብቃሉ? ምች መታኝ፣ ቡዳ በላኝ፣ ዛር ነው ሊሉን ይችላሉ። መሳቅ የለም፤ መቆጣት የለም። የነገሩን የሚፈሩትን ነው፤ የሚፈሩትን ካላወቅን የምናዘውን እንክብል ይውጡት አይውጡት አናውቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ለኃላፊዎቹ ነው። ባህል የሚባለው ነገር ለእኛ ምቹ ማመካኛ እየሆነ ነው። ውሃ የሌለው ጤና ጣቢያ፣ መብራት የሌለው ማዋለጃ ክፍል፣ መንገድ የሌለው ቀበሌ እያለን ሪፖርት ላይ «የባህል ተጽዕኖ» ብለን እንጽፋለን። ሴቲቱ የቀረችው ወንዝ ሞልቶባት ከሆነ ወንዙን ጻፉ። ባለሙያው ሰድቧት ከሆነ ስድቡን ጻፉ። ሚኒስቴሩ ከ2015 በኋላ በአምስት ዓመት ዕቅዱ ውስጥ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አድርጎ አስቀምጦ ነበር፤ ሐሳቡ ትክክል ነበር። ነገር ግን 24 ሰዓት ተረኛ ሆና ብቻዋን የምታዋልድ፣ ጓንት የሚያልቅባት፣ ትርፍ ሰዓት የማይከፈላት አዋላጅ ርኅራኄን ከየት ታምጣ? ለእናቲቱ ክብር የምንፈልግ ከሆነ ለአዋላጇም ክብር መስጠት አለብን።

ስለዚህ ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምለምናችሁ ይህን ነው። አዋላጆች፣ ነገ ተራችሁ ሲደርስ የምታምጠውን እናት እንዴት ሆና መውለድ እንደምትፈልግና ማን አጠገቧ እንዲሆን እንደምትሻ ጠይቋት፤ መልሷንም ፈጽሙላት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ቤታቸው የወለዱትን እናቶች ሳትወቅሱ ምክንያታቸውን ስሙና እንደተናገሩት ጽፋችሁ ለጤና ጣቢያው ስጡ። ኃላፊዎች፣ በጤና ጣቢያችሁ የሥራ አመራር ቦርድ ውስጥ በዚያው ዓመት የወለደች የገጠር ሴት አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው በጀትም የአስተርጓሚ ደመወዝ የሚል መደብ ይኑር። እምቢ ከተባላችሁ ደግማችሁ ጠይቁ።